እንቦሳው አራተኛ ፎቅ ላይ የት ይታሰራል?

/ጸሐፊው ሺንሺቾ ከተማ ላይ ለነዋሪዎችና ለወጣቶች ካደረገው ንግግር የተወሰደ/



«ስለ ጋራ መኖሪያ ቤት ንገረን» ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የመጣልኝ «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው ነው። ቅርጫ ተካፍሎ መስቀልን የሚያከብር፣ የጎረቤቱን ጎጆ በደቦ የሚከድን፣ እንሰት ፍቆ ሰብሰብ ብሎ የሚያወጋ ሕዝብ ፊት ቆሜ ስለ አብሮ መኖር ላስተምር? አላስተምርም። አዲስ አበባ ላይ አይቼ የታዘብኩትን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ያኛው ስህተት እናንተ በር ላይ ሳይደርስ እንድታውቁት።

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ!» እንላለን። ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ትልቅ ነው። ቤቱ ጓሮ ይኑረው፣ ከብት ይሰርበት፣ ወተት ይታለብበት ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የማውቃት ሴት ኮንዶሚኒየም ደረሳትና እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ! እያለከለክሁ ወጥቼ በሩ ላይ «ቤት ለእንቦሳ» አልኳት። ሳቀችና በረንዳውን አሳየችኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሦስት ጀሪካን፣ የሽንኩርት ኬሻና የሕፃን ልብስ የተሰጣበት ገመድ ታጭቆበታል። «እዚህ ጋ ልሰረው?» አለችኝ። ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። ቤቱ የራሷ ነው፤ ኑሮው ግን አልገባበትም።

ለምን ሺንሺቾ ላይ?

«እኛ ገና ፎቅ ምን አገናኘን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ቁጥር እንይ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በቀድሞው ከምባታ ጠምባሮ ዞን ከ680 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። የዞኑ ስፋት ደግሞ ከ1,360 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው ማለት ነው! ይህ የከተማ ቁጥር አይደለም፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። ያ ቆጠራ ከተካሄደ ወዲህ ስንት ልጅ እንደተወለደ እናንተ ታውቃላችሁ። አባት ለአራት ወንድ ልጆቹ መሬት ሲያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው። ለእሱ ልጆችስ?

እናም ልጁ ይሄዳል። አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ ስድስትና ሰባት ሆኖ በአንድ ክፍል ይተኛል። ይህም እኮ የጋራ መኖሪያ ነው፤ ንድፍ የሌለው፣ ችግር የነደፈው! ሌላው ደቡብ አፍሪካ ይሻገራል። ከዚያ የሚመጣው ገንዘብ ሆሳዕናም ዱራሜም እዚህም ቤት ሆኖ ይቆማል። ባለቤቱ ሩቅ አገር ሱቅ ሲጠብቅ፣ ቤቱን ዘበኛ ይጠብቃል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ወጣቱ መምህርና ነርሷ የምትከራይ ክፍል ፍለጋ ይንከራተታሉ።

ስለዚህ መሬቱ ጠቧል፣ ሰው በዝቷል። ወደ ላይ መሥራትና ግድግዳ መጋራት ወደዳችሁም ጠላችሁም ይመጣል። ጥያቄው «ይምጣ ወይስ አይምጣ» አይደለም። ማን ይነድፈው? ማንን ጠይቆ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ከቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የደሃው ኪራይ ረከሰ፤ እሰየው! ነገር ግን ቤቱን የሚጠግን ጠፋ። ተከራዩ «የመንግሥት ነው» አለ፣ ቀበሌው «በጀት የለም» አለ፣ ጣራው መሃል ላይ ሆኖ አፈሰሰ። ባለቤት የሌለው የጋራ ንብረት ዕጣው ይኸው ነው።

እኔም ያደግሁት እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። ዛሬ «ያ የጥንት ፍቅር!» እያሉ የሚያለቃቅሱ ሰዎች ሌሊት ሽንት ቤት ተሰልፈው የሚያውቁ አይመስሉኝም። መብራት ቢል በመጣ ቁጥር ጠብ ነበር። «ራዲዮ የምትከፍተው አንተ፣ ካውያ የምትተኩሰው እሷ» እየተባባልን። ነገር ግን እናቴ ገበያ ስትሄድ እኔን ለማን ትቼ ልሂድ ብላ አታውቅም። ሰው ሲሞት ድንኳን የት ይተከል ተብሎ አይመከርም ነበር። ግቢው አለ! ሁለቱንም እውነት አብረን እንያዝ። ግቢው ድህነት ነበረበት፤ ግቢው መተሳሰብም ነበረበት። ጥሩ ነዳፊ ማለት ድህነቱን አውጥቶ መተሳሰቡን የሚያስቀር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ቤቶች ተሠሩ። «የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ» ቁጥር 370/1995 ወጣ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተብሎ በሰፊው ተጀመረ። ዕቅዱ 400 ሺህ ቤት መሥራት፣ ለ200 ሺህ ሰው ሥራ መፍጠር ነበር። ጀሞ፣ ጎፋ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ... አምስት አምስት ወለል ያላቸው ብሎኮች እንደ ክብሪት ቀፎ ተደረደሩ።

በዚህ ጋዜጣ ላይ መንግሥትን መውቀስ የተለመደ ነው። እኔ ግን የሠራውን ሠራ ልበል። በአፍሪካ ይህን ያህል ቤት ለመሥራት የደፈረ መንግሥት ጥቂት ነው። ሽንት ቤት ቤት ውስጥ ገባ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። ይህ ቀላል አይደለም። ታዲያ ምኑ ጎደለ?

የኮሚናሉ ቁልፍ

ነዳፊዎቹ ሞኞች አልነበሩም። በትንሽ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ እንጀራ እንደማይጋገር፣ በርበሬ እንደማይደለዝ፣ በግ እንደማይታረድ አውቀዋል። ስለዚህ በብሎኮቹ መሃል የጋራ መገልገያ ሕንፃ ሠሩ። ነዋሪው «ኮሚናል» ይለዋል። መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ማረጃ፣ ለሰርግና ለሐዘን መሰብሰቢያ። ወረቀት ላይ የሚያምር ነው!

አሁን ሄዳችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ኮሚናሎች ሱቅ፣ ቢሮ፣ መዋለ ሕፃናት ወይም ስፖርት ቤት ሆነዋል። ለምን? ነዋሪው አብሮ መኖር ጠልቶ ነው? አይደለም! አንዲት ሴት ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክማ፣ ሕፃን አዝላ፣ ሁለት ብሎክ አቋርጣ ኮሚናሉ ጋ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው። ኮሚቴው ሥራ ሄዷል። በነጋታው ስትመጣ በሩ ተከፍቷል፤ መብራቱ ግን ተቆርጧል። የመብራቱን ሒሳብ ማን ይክፈል ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም! በሦስተኛው ቀን በረንዳዋ ላይ ጋገረች። ጭሱ አምስተኛው ወለል ገባ። ጎረቤት ተጣላ። በአራተኛው ቀን ከሱቅ እንጀራ ገዛች። ኮሚናሉ ባዶ ሲሆን አንድ ነጋዴ ተከራየው። በቃ!

ኮሚናሉን የገደለው ሲሚንቶ አይደለም፤ ርቀት፣ ቁልፍና የመብራት ሒሳብ ናቸው። ሦስቱንም በንድፍና በደንብ መፍታት ይቻል ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ጋጋሪዋን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ማን ጠየቃት?

ደግሞ ሐዘን አለ። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ያረፉ አዛውንት ሬሳ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ደረጃው ጠባብ ነው። መታጠፊያው ላይ ሣጥኑ አልዞር አለ። ወንዶቹ ሣጥኑን አቁመው፣ ከአጥሩ በላይ አሳልፈው፣ ላብ በላብ ሆነው አወረዱት። ሴቶቹ ለቅሶአቸውን አቋርጠው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። አንድ ሜትር ያህል የሰፋ ማረፊያ ቢኖር ኖሮ እኚያ አባት በክብር ይወርዱ ነበር። ነዳፊው ሰው ሲኖርበት አሰበ፤ ሰው ሲሞትበት አላሰበም።

ዕጣው የበተነው ዕድር

ሌላው ጣጣ ቤቱ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል። ሃያ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሁለት ጎረቤቶች አንዷ ጀሞ፣ ሌላዋ ቦሌ አራብሳ ይደርሳቸዋል። ከከተማው አንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ ማለት ነው። አንድ ደረጃ የሚጋሩት ሃያ አባወራዎች ደግሞ በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ናቸው። ዕጣውም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ አልዘለቀም። በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ የተሰረዘው ገና ከአእምሮአችን አልጠፋም። ስንት ዓመት የቆጠበ ሰው «ደረሰህ» ተብሎ በሳምንቱ «አልደረሰህም» ተባለ!

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ፒያሳ ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ አልካድኩም። ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪም ምትክ ቤት አግኝቷል። ነገር ግን ካዛንቺስ ጉልት ዘርግታ ትኖር የነበረች እናት ገላን ጉራ ስትገባ ደንበኞቿ አብረዋት አልሄዱም። ዕድሯ ተበተነ። ከግለሰብ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ደሃማ ምትክ የሚጠይቅበት ወረቀትም አልነበረውም። ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ የሚመስለው ባለሥልጣን «ቤት ሰጠናቸው» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ለመሆኑ ዕድሩንስ የት ጣላችሁት?

ወገኖቼ፤ የኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ላይ አልቆመም። ክልል ከተሞችም ገብቷል። ሆሳዕና ደርሷል። ስለዚህ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሌላው ዓለም እንዴት ቻለው?

ቪየና ከተማ «ካርል ማርክስ ሆፍ» የሚባል እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀ የሠራተኞች መኖሪያ አለ። ወደ 1,400 የሚጠጉ ቤቶች ይዞ ሕንፃው ያረፈው ከቦታው አንድ አምስተኛ በማይሞላው ላይ ነው። የቀረው ግቢና አረንጓዴ ነው። የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ መታጠቢያና መዋለ ሕፃናት ገና ከጅምሩ ተሠርተውለታል። ያንን ያህል ሰው አስፍሮም ግቢ ማስቀረት ይቻላል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሞስኮ ላይ «ናርኮምፊን» የሚባል ሕንፃ ተሠራ። እዚያ ደግሞ ነገሩ ከልክ አለፈ። ሰውን ወደ ጋራ ኑሮ ለመግፋት ሲባል የአንዳንዱ ቤት ማድ ቤት ተቀነሰና በጋራ ወጥ ቤት ብሉ ተባለ። አልሆነም። ሰው በየክፍሉ ማብሰሉን ቀጠለ። ማድ ቤቱን ቀምተህ ሰውን ጎረቤት አታደርገውም።

ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1972 «ሴተዳመን» በሚባል ቦታ ሌላ መንገድ ያዙ። 27 ቤተሰቦች ተሰባስበው ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ቤት ከነማድ ቤቱ ሠሩ፤ በዚያ ላይ አንድ የጋራ ቤት ጨመሩ። የሚፈልግ አብሮ ይበላል፣ ያልፈለገ በሩን ይዘጋል። የጋራው በግሉ ላይ ተጨመረ እንጂ ግሉን አልቀማም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው!

ደቡብ አሜሪካ ያለችው ኡራጓይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የቤት ሕግ ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ በገዛ ጉልበታቸው እየሠሩ የጋራ መንደር እንዲያቆሙ ፈቀደች። እዚያ መጀመሪያ የሚሠራው ማኅበሩ ነው፤ ቤቱ ኋላ ይመጣል። እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ሕግ አደረጉት። እኛ ደግሞ ደቦውን ይዘን ሕጉን አጣን!

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ስጠይቅና ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገ ንድፍ ይዞ ለሚመጣ ሹምም ሆነ ባለሀብት የምታቀርቡትን ስድስት ጥያቄ ልተውላችሁ።

አንደኛ፤ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ደረጃ ስንት አባወራ ነው የሚኖረው? ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቢሆን እላለሁ። አንዱ የሌላውን ልጅ በስም የሚጠራበት ቁጥር ነው። ስልሳ ሰው የሚጋራውን ደረጃ ማንም አይጠርገውም።

ሁለተኛ፤ ማድ ቤቱ የት ነው? ለየቤቱ ትንሽ የራሱ ማድ ቤት ይኑረው። በተጨማሪ ምድር ላይ፣ ከበር ቆሞ በሚታይ ርቀት፣ ጭስ ማውጫ ያለው የጋራ መጋገሪያ ይሠራ። ደግሞ ለአዲስ አበባ የተሳለ ንድፍ ቆጮ አያውቅም! ዋሳው የሚብላላበት ጉድጓድ፣ እንሰቱ የሚፋቅበት ጥላ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ወንዶች ብቻ ተሰብስበው እንዳይወስኑት። መጀመሪያ እናቶች ይናገሩ።

ሦስተኛ፤ ስንት ፎቅ? አምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃ የሚወጣ ሰው ፎቅ አይፈራም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አምበሪቾን ጀሪካን ይዞ በየቀኑ የሚወጣ የለም። ለእንዲህ ያለ ከተማ ከምድር በላይ ሁለት ወለል ይበቃል። ምድር ቤቱ ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኛ ይሁን። ደረጃው አልጋ የሚያስገባ፣ ሬሳ በክብር የሚያወርድ ስፋት ይኑረው።

አራተኛ፤ ውኃውስ? ምድር ላይ ማጠራቀሚያ፣ ጣራ ላይ ሮቶ፣ ለየቤቱ የራሱ ቆጣሪ። የጋራ ቆጣሪ የጋራ ጠብ ነው፤ እኔን ያየ ይቀጣ!

አምስተኛ፤ ደንቡስ? አዋጅ 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲወጣ ያዛል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶ፣ ጠብ ተነስቶ ነው ደንብ የሚፈለገው። ደንቡ መሠረት ከመውጣቱ በፊት ይጻፍ። ቁልፉን ማን ይይዛል? በስንት ቀን ተራ ይለወጣል? ያላዋጣ ምን ይቀጣል? ይህን እኮ ከቪየና መማር አያሻንም። ዕድራችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀሪ መቀጫ አለው። ሸክላና ድንኳን ለስንት ዓመት ሳይጠፋ ያስተዳደረ ሕዝብ የአንድ መጋገሪያ ቁልፍ ያቅተዋል?

ስድስተኛ፤ ማን ከማን ጋር ነው የሚኖረው? በዕጣ ከመበተን በፊት ሰዎች በቡድን ይመዝገቡ። አሥር አባወራ አንድ ላይ «አንድ ደረጃ ስጡን» ብሎ መጠየቅ ይቻል። ዕጣም ካስፈለገ ለቡድኑ ይውጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ?

«ገንዘቡስ?» ለሚለኝ

አንድ ወንድሜ ወደዚህ ስመጣ «ይህ ሁሉ ውድ ነው» አለኝ። ሰፊ ደረጃ ገንዘብ ይፈጃል፤ አልዋሽም። ነገር ግን አሥር ሰው ለየብቻው አሥር አጥር፣ አሥር ፍሳሽ ጉድጓድ፣ አሥር ዘበኛ ቤት ከሚሠራ አንድ አጥርና አንድ ጉድጓድ ቢጋራ ትርፉን አስሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከደቡብ አፍሪካ በላብ የመጣው ገንዘብ ዘበኛ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ከሚሆን፣ አምስት ወንድማማቾች ተጋግዘው አንድ ደህና ግቢ ቢሠሩ፣ ሁለቱን ክፍል ደግሞ ለመምህሩና ለነርሷ ቢያከራዩ ምን ይጎዳል?

ሌላ አባት ደግሞ «የከምባታ ሰው ያለ እንሰት ጓሮ ሰው አይደለም» ብለውኛል። አከብራለሁ። ጓሮ ያለው ከጓሮው ይውጣ አላልኩም። የማወራው ጓሮ ስለሌለው ነው። መሬት ስላልደረሰው ልጅ፣ ባሏ ስለሞተባት፣ ከስደት ባዶ እጁን ስለተመለሰው። እነሱም ጎረቤት ይፈልጋሉ።

የመጨረሻ ቃል

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ካድሬው አዳራሽ ሰብስቦ ያለቀ ንድፍ ግድግዳ ላይ ለጥፎ «ደገፋችሁ አይደል?» ሲላችሁ፣ አጨብጭባችሁ እንዳትወጡ። ማጨብጨብ ምክክር አይደለም! «ንድፉን ከመሳልህ በፊት ለምን አልመጣህም?» በሉት። በጨዋነት፣ ግን ሳትፈሩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት አባቶች ይህን ቀን አይተው ይመስለኛል። የአዲስ አበባው ድስት ተጥዷል። የእናንተው ገና በርበሬው ላይ ነው።

ያቺ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት በረንዳዋ ላይ ዛሬም ትጋግራለች። እንቦሳ የሚታሰርበት ጓሮ ለሁላችንም እንደማይደርስ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጆች የሚሮጡበት አንድ ግቢ፣ እናቶች የሚጋግሩበት አንድ ጥላ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት አንድ ድንኳን ቦታ ለአሥር አባወራ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ሺንሺቾ ላይ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ!» ብዬ በሩ ላይ ስቆም፣ ባለቤቷ በረንዳ እያሳየች እንዳትስቅብኝ ነው ልመናዬ።